ከሴክሽን ወደ ሴክሽን ሰዓት አይበደርም

ይህ ጽሑፍ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለሐበሻ ወላጆችና ለ10ኛና ለ11ኛ ክፍል ልጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ስጽፈው እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች የተወሰኑትንም ጨምሬያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሺፍት አስቀይራችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስለ ኤስኤቲ፣ አሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት ስለሚወሰደው ፈተና፣ ሲወራ ወላጅ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። "ስንት ማምጣት አለበት?" እና "የት ላስጠናው?" ዛሬ ሁለቱንም አልመልስም። የማወራው ጥያቄዎቹ ስለተደረደሩበት መደርደሪያ ነው። ሴክሽን ስለምንለው። በአማርኛ "ክፍል" ማለት ይቻል ነበር። ግን 11ኛ ክፍልም ክፍል ነው፣ መፈተኛውም ክፍል ነው። ለዛሬ ሴክሽን እንበለው።

ይሄን የመረጥኩት ልጆቻችን የሚያውቁትን ነገር ሳይመልሱ ሲወጡ ስላየሁ ነው። አንድ ሁለት ልጅ ብቻ አይደለም። እኔም ራሴ ደርሶብኛል።

አዲስ አበባ የ10ኛ ክፍል ማትሪክ ተፈትኜ ነው የመጣሁት። እዚህ ስደርስ እንደገና 10ኛ አስገቡኝ። (ይሄ የደረሰበት እጁን ያውጣ ስል አዳራሹ ውስጥ ብዙ እጅ ወጣ።) ኤስኤቲ የወሰድኩት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ያኔ ፈተናው 10 ሴክሽን ነበረው። መጀመሪያ የ25 ደቂቃ ድርሰት ይመጣል። ከዚያ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሰዋስው እየተፈራረቁ ይቀጥላሉ። ባለ 25 ደቂቃ አለ፣ ባለ 20 አለ፣ የመጨረሻው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ሲደመር 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ።

ማትሪክ ለለመደ ሰው ይሄ ግራ ያጋባል። እኛ ጋ እንግሊዝኛ ከሆነ እንግሊዝኛ ነው። ፊዚክስ ከሆነ ፊዚክስ። ወረቀቱን ትቀበላለህ፣ ከላይ እስከ ታች ታየዋለህ፣ የከበደህን ዘለህ ትመለሳለህ። እዚህ ግን ንባቡ ውስጥ ገብቼ ነገሩ ሲገባኝ "እርሳስ አስቀምጡ" ይላሉ። ሒሳቡ ሲሞቅልኝ ደግሞ "እርሳስ አስቀምጡ"። ወደ ኋላ ገጽ መግለጥ ክልክል ነው። ያለፈ አለፈ።

ሌላም ነገር ነበር። ከ10ሩ አንዱ ሴክሽን አይታረምም። ለወደፊት ፈተና ጥያቄ የሚሞክሩበት ነው። የትኛው እንደሆነ ግን አይነግሩህም። የሒሳብ ሴክሽን በደንቡ 3 ነው፤ ለኔ 4 ደረሰኝ። ከአራቱ አንዱ ዝም ብሎ መሞከሪያ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያኔ ማን ነግሮኝ? ሦስተኛው በጣም ከበደኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። ከሱ ቀጥሎ የመጣው ንባብ ነበር። አንዱን አንቀጽ አራት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ ፊደሉ ላይ ነው፣ ልቤ የሒሳቡ ጥያቄ ጋ ቀርቷል። ያ የሒሳብ ሴክሽን ይታረም አይታረም እስከ ዛሬ አላውቅም። ያበላሸብኝ ንባብ ግን ታርሟል።

እንግዲህ ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው። ሴክሽን ግድግዳ ነው። ጥያቄውም ሰዓቱም ግድግዳው ወዲያ ይቀራል። ልጁ ግን ንዴቱን ይዞ ይሻገራል።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ኤስኤቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ሰኔ 23 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. ነው። የተፈተኑት 8,040 ልጆች ነበሩ። 9 ንዑስ ክፍል፣ 315 ጥያቄ፣ 97 ደቂቃ። እስቲ አካፍሉት። ለአንድ ጥያቄ 19 ሰከንድ እንኳ አይደርስም። ሥራውን የመራው ካርል ብሪገም የሚባል የፕሪንስተን ሰው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር ወታደሮች ይሰጥ ከነበረው የአእምሮ ፈተና ነው ብዙውን የቀዳው። በነገራችን ላይ ይሄ ሰው ዘርን በማሰብ ችሎታ ደረጃ ያወጣ ነበር። በ1930 ራሱ "ተሳስቻለሁ" ብሎ ሽሮታል። ፈተናው ግን አልተሻረም። አመሉም አብሮት ዘለቀ፤ ቆራርጦ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሰዓት ቀንሶ መስጠት።

አሁን ያለውን ላሳያችሁ። ከማርች 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ፈተናው በላፕቶፕ ሆኗል። ከአሜሪካ ውጭ ደግሞ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው የተጀመረው። ብሉቡክ በሚባል አፕ ነው የሚሰጠው። ሴክሽኑ ሁለት ብቻ ነው። መጀመሪያ ንባብና ጽሕፈት፣ ቀጥሎ ሒሳብ። እያንዳንዱ ለሁለት ሞጁል ይከፈላል። የንባቡ አንድ ሞጁል 27 ጥያቄ በ32 ደቂቃ ነው። የሒሳቡ አንድ ሞጁል 22 ጥያቄ በ35 ደቂቃ። መሃል ላይ የ10 ደቂቃ እረፍት አለ። በድምሩ 98 ጥያቄ፣ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ከዚህ በፊት የነበረው የወረቀቱ ፈተና 154 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነበር። ስለዚህ ለአንድ ጥያቄ በአማካይ 70 ሰከንድ የነበረው አሁን 82 ሰከንድ ሆኗል። ይሄ ጥሩ ነው፣ አልክድም።

ግድግዳው ግን አለ። ሞጁሉን በ25 ደቂቃ ብትጨርስ ወደሚቀጥለው መሄድ አትችልም። ቁጭ ብለህ ሰዓቱ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ። ንባብ ላይ 10 ደቂቃ ቢተርፍህ ለሒሳቡ አይቆጠርልህም። እቁብ አይደለም፣ ተራ አይቀያየርም። አንደኛው ሞጁል ላይ የዘለልከው ጥያቄ ሁለተኛው ሞጁል ላይ ትዝ ቢልህ፣ ትዝ ብሎህ ይቀራል።

አሁን ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ በ9ኛ ክፍል የመጣች ናት። ባለፈው ክረምት እየመጣች አስጠናት ነበር። አንድ ቀን ላፕቶፗን ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠች። ምንም አላልኳትም፣ ሰዓት ብቻ መዘገብኩ።

ጥያቄ 1። አጭር ጽሑፍ ነው፣ መሃሉ ላይ አንድ ቃል ጎድሏል። ከአራት ቃል የሚስማማውን ምረጪ ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ወደ አማርኛ እየመለሰችው ነው። ከአራቱ ምርጫ ሁለቱን አታውቃቸውም። 2 ደቂቃ ከ40። ጥያቄ 2፣ እንደዚያው። ጥያቄ 3፣ እንደዚያው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች 11 ደቂቃ በሉ። ከዚያ መጣደፍ ጀመረች። ሰዓቱን ደብቃው ነበር፤ ብሉቡክ ላይ መደበቅ ይቻላል። 5 ደቂቃ ሲቀር ግን በራሱ ብቅ ይላል። ብቅ ሲል ጥያቄ 19 ላይ ነበረች። ክው አለች። የቀሩትን ሳታነብ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ጨረሰች።

በማግስቱ እነዚያኑ የመጨረሻ ስምንት ጥያቄዎች ያለ ሰዓት ሰጠኋት። ሰባቱን አገኘች። የሳተችው አንዷን ነው፣ እሷም ኮሎን የምትገባበት ቦታ ነበረች።

እንግዲህ ይሄ ዕድል አይደለም። የንባቡ ሞጁል ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ የቃላት ጥያቄ ይመጣል። ቀጥሎ የጽሑፉ አወቃቀርና የንባብ መረዳት። ከ15ኛው ወይም ከ16ኛው ጥያቄ አካባቢ ጀምሮ ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ። መጨረሻ ላይ ማያያዣ ቃላትና ማስታወሻ አይቶ አንድ ዓረፍተ ነገር መምረጥ። በሁለቱም ሞጁል እንዲሁ ነው።

አሁን የኛን ልጅ አስቡ። ኢትዮጵያ እንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ሰዋስውን በሕግ ነው የሚያውቀው። ሰብጀክቱ ብዙ ከሆነ ቨርቡ ምን ይሆናል ብላችሁ እንቅልፉ ላይ ብትጠይቁት ይመልሳል። እዚህ የተወለደው ልጅ ደግሞ በጆሮው ነው የሚሄደው፤ "ልክ ይመስላል" ብሎ ይመርጣል፣ ብዙ ጊዜ ይስታል። ስለዚህ ያቺ ልጅ በደንብ የምታውቀው ሰዋስው መጨረሻ ላይ ተቀምጦላታል። የሚከብዳት የቃላት ጥያቄ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ማንም በክፋት አላደረገውም። ግን ሰዓቷን በር ላይ ጨርሳ ጓዳ ሳትገባ ትመለሳለች።

ምን አደረግን? በአንድ ሞጁል ውስጥ እንደፈለጉ ወዲያ ወዲህ መሄድ ይቻላል። ከታች የጥያቄ ቁጥሩን ነክተህ የፈለግከው ጋ ትሄዳለህ። የዘለልከውን ምልክት የምታደርግበት ባንዲራ አለ። ስለዚህ ከሰዋስው እንድትጀምር አደረግን። ስትከፍት ወደ 15 አካባቢ ትሄዳለች፣ ሰዋስው የሚጀምርበትን ታገኛለች፣ እስከ 27 ትሠራለች። ከዚያ ወደ ንባቡ ትመለሳለች። የቃላቱን መጨረሻ ላይ ታያለች፤ የማታውቀው ቃል ከሆነ 20 ሰከንድ፣ ግምት፣ ጉዞ። በሚቀጥለው ሳምንት 27ቱንም አንብባ ጨረሰች። አዲስ ቃል አላስተማርኳትም። የቤቱን በር ብቻ ነው የቀየርነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳያውቁ መገመት አያስቀጣም። በኔ ጊዜ ለተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ ይቆረጥ ነበር። ያ ከ2016 ጀምሮ ቀርቷል። አሁንም ግን "ካላወቅክ ተወው" የሚል ወላጅ አለ። አትበሉ። ባዶ የሚተው ጥያቄ የለም።

ለሁሉም ልጅ ከሰዋስው ጀምር አልልም። እዚህ ያደገና መጽሐፍ የሚወድ ልጅ በተሰለፈው መንገድ ቢሄድ ይሻለዋል። በር ላይ የሚቆመው የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሆነ የሚታወቀው አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጦ ሰዓት በመመዝገብ ነው። እናት ታደርገዋለች፣ ታላቅ ወንድም ያደርገዋል። እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም። ሰዓት ማየት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሞጁሉ ነው። ይሄ አዲስ ስለሆነ ጠጋ በሉ።

አንድ ልጅ ፈተና ውሎ መጣ። አባቱም አብሮት ነበር። "እንዴት ነበር?" አልኩት። "የሒሳቡ ሁለተኛ ሞጁል በጣም ቀለለኝ!" አለኝ። አባትየው ደስ ብሏቸው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። እኔ ዝም አልኩ።

ለምን ዝም አልኩ? የሁለተኛው ሞጁል ክብደት የሚወሰነው በመጀመሪያው ነው። አንደኛውን ጥሩ ከሠራህ ሁለተኛው ከበድ ያለው ይመጣል። ካልሠራህ ቀለል ያለው። ቀለል ባለው ላይ ሁሉንም ብታገኝ እንኳ እስከ 800፣ እስከ ሴክሽኑ ሙሉ ነጥብ፣ አያደርስህም፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሞጁል የራሱን ነጥብ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ የሁለተኛውንም ጣሪያ ይሠራል። (የልጁ ውጤት ሲመጣ ግን ጥሩ ነበር። ከባዱ ነበር የደረሰው፣ ስለተለማመደ ቀለለው። ዝም ማለቴ ልክ ነበር ማለት ነው፤ በሌላ ምክንያት።)

ይሄ አሠራር ልጆቹ ላይ ምን ያደርጋል? ሁለተኛው ሞጁል ሲከፈት ልጁ ጥያቄውን ትቶ ፈተናውን ማንበብ ይጀምራል። ሲኒ ገልብጦ እንደሚያነብ ሰው። "ቀላል ነው፣ ወድቄያለሁ ማለት ነው።" "ከባድ ነው፣ ጎበዝ ነኝ ማለት ነው፤ ግን ከባድ ነው።" በሁለቱም መንገድ ልቡ ይሸፍታል። ፈተናው ራሱ ምንም አይነግረውም። እሱም መገመት አይችልም፤ ምክንያቱም በየሞጁሉ ሁለት ሁለት የማይታረሙ ጥያቄዎች ተደብቀዋል። የኔ የ2010 ጠላት አልሞተም፣ በየቦታው ተበትኖ ነው ያለው። ከ98ቱ የሚታረሙት 90 ናቸው። ያ አእምሮህን ያናወጠው ጥያቄ ከስምንቱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

እኔ ይሄን አዲሱን አሠራር ግማሹን እወደዋለሁ። በወረቀቱ ጊዜ አንድ ጽሑፍ እስከ 750 ቃል ይደርስ ነበር፣ ሥሩም አሥርና አሥራ አንድ ጥያቄ ይደረደራል። ጽሑፉ ካልገባህ አሥሩም ሄደ። አሁን ከ150 ቃል የማይበልጥ አጭር ጽሑፍ ነው፣ ለአንድ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ። አንዱ ቢያመልጥህ ሌላው አዲስ ነው። ለኛ ልጆች እፎይታ ነው። ያልወደድኩት የመጀመሪያው ሞጁል ላይ የተጫነውን ሸክም ነው። ዘግይቶ የሚሞቅ ልጅ አለ። 15 ደቂቃ ካልሄደ ሞተሩ የማይነሳ። እንደዚያ ዓይነቱን ልጅ ይሄ ፈተና አይጠብቀውም። እኔ ጠዋት ከቤት ሳይወጡ አምስት ቀላል ጥያቄ አሠራቸዋለሁ። መኪና ማሞቅ በሉት።

ወደ ሒሳቡ ልሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። ከ2016 እስከ ወረቀቱ መጨረሻ ድረስ አንድ የሒሳብ ሴክሽን ካልኩሌተር የማይፈቀድበት ነበር። 20 ጥያቄ፣ 25 ደቂቃ። የኛ ልጆች ሜዳ ነበር! ኢትዮጵያ ብሔራዊ ፈተና ላይ ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ እጃቸው የሰለጠነ ነው። አሁን ያ ሴክሽን ቀረ። በሁሉም ጥያቄ ካልኩሌተር ይፈቀዳል፤ አፑ ውስጥም ዴስሞስ የሚባል ግራፍ የሚሠራ አለ። የሁለት እኩልታ መገናኛ ነጥብ ፈልግ ሲባል፣ በቅርብ የመጣው ልጅ በወረቀት ቆንጆ አድርጎ ይሠራዋል፣ 2 ደቂቃ። አጠገቡ ያለው ልጅ ሁለቱን እኩልታ ይተይባል፣ መስመሮቹ የተገናኙበትን ይነካል፣ 20 ሰከንድ። መልሳቸው አንድ ነው። ሰዓታቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ በእጁ የሚሠራ ልጅ ካላችሁ አመስግኑት፤ ግን ዴስሞስንም አስተምሩት። ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል።

ስለ ድካም ደግሞ ሁላችንም የምንለው አለ። "ረጅም ስለሆነ ነው የወደቀው።" ፊሊፕ አከርማን እና ሩት ካንፈር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2009 ያሳተሙት ጥናት አለ። 239 የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎችን 3 ሰዓት ተኩል፣ 4 ሰዓት ተኩል እና 5 ሰዓት ተኩል የሚፈጁ ፈተናዎች አስፈተኗቸው። ልጆቹ ረዘም ባለው ላይ ይበልጥ ደከመን አሉ። ውጤታቸው ግን አልወረደም። እንዲያውም በረጅሙ ላይ የተሻለ አመጡ። እኔም ሳነበው ገርሞኝ ነበር። እርግጥ እነዚያ ኮሌጅ የገቡ ልጆች ናቸው፣ የኛን የ11ኛ ክፍል ልጅ በቀጥታ አይወክሉም። ግን ደከመኝ ማለትና ውጤት መውረድ አንድ እንዳልሆኑ አሳይቶኛል። በኔ ዓይን ልጁን የሚጥለው ርዝመቱ ሳይሆን መቆራረጡ ነው፤ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላው ውስጥ መግባት።

ኮሌጅ ለመግባት ስለሚወሰደው ስለ ሌላኛው ፈተና፣ ስለ ኤሲቲ፣ ባጭሩ። ስሙም ከኤስኤቲ ጋር ያምታታል። ድሮ ዘግይተው ለመጡ ልጆች አልመክረውም ነበር። ንባቡ 40 ጥያቄ በ35 ደቂቃ ነበር፣ ትንፋሽ አይሰጥም ነበር። በ2025 ግን ተለወጠ። ንባቡ 36 ጥያቄ በ40 ደቂቃ ሆኗል። ሳይንሱ በፈቃድ ሆኗል። ስለዚህ "ኤሲቲ ለኛ ልጅ አይሆንም" የሚለውን የድሮ ምክሬን አንስቻለሁ። እንደ ኤስኤቲው በሞጁል አይጫወትብህም፤ የሚመጣልህ ጥያቄ ባለፈው ሴክሽን ውጤትህ አይለወጥም። ልቡ ቶሎ ለሚሸፍት ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወላጆች የማይወዱትን ላንሳ። ተጨማሪ ሰዓት። የማንበብ ችግር፣ ትኩረት የመሰብሰብ ችግር ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ልጅ የመደበኛውን ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ማግኘት ይችላል። 32 ደቂቃው 48 ይሆንለታል። እኛ ግን "ልጄ ምንም የለውም" እንላለን። "ስሙ ይጠፋል፣ ኮሌጁ ያየዋል" እንላለን። አያየውም። ድሮ በተጨማሪ ሰዓት የተፈተነ ልጅ ውጤት ላይ ምልክት ይደረግ ነበር፤ ከ2003 ጀምሮ ቀርቷል። ግን ሳይጠየቅ አይሰጥም። የፈተናው ባለቤት ኮሌጅ ቦርድ ሊፈቅድ እስከ ሰባት ሳምንት ሊወስድበት ይችላል፤ ስለዚህ ቀድሞ በትምህርት ቤት በኩል ማስገባት ነው። እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉ ልጆችም ትምህርት ቤታቸው በሥራ ቀን በሚሰጠው ኤስኤቲ ላይ ተጨማሪ ሰዓት ሊያገኙ ይችላሉ። ቅዳሜ በሚሰጠው ላይ ግን ይሄ የለም። ልዩነቱን የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ ካውንስለሩን፣ ጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰዓት የተጨመረለት ልጅም ቶሎ ቢጨርስ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይቀመጣል። ፈጣን ልጅ ከሆነ ቅጣት ነው የሚሆንበት። ለሚያስፈልገው ብቻ ጠይቁ።

የኔ ይሄው ነው። ጥያቄ ካለ።

(ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ አባት ነበሩ የመጀመሪያው ጠያቂ።)

"ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ግድግዳ ከሚበዛ እንደ አገራችን አንድ ወረቀት አንድ ሰዓት ቢሆን አይሻልም ወይ?"

አባባ፣ እኔም አንዳንዴ እንደዚያ አስባለሁ። ግን የ12ኛ ክፍሉን አፕቲትዩድ ያስታውሱ። የቃላቱም የቁጥሩም ጥያቄ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ የሰዓት ገደብ ነው። ቁጥር የሚወድ ልጅ ቁጥሩ ላይ ተቸክሎ የቃላቱን በግምት አጥቁሮ ይወጣል። ግድግዳ ስለሌለ ሰዓቱን እንደፈለገ ያባክናል። ለአንዳንዱ ልጅ ግድግዳው ራሱ ጠባቂ ነው። ደግሞም አገራችን ላይ የከፋው የወረቀቱ አሠራር አይመስለኝም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያንን ሴክሽን ቢጨምሩም ቢቀንሱም አያድነውም።

"ሁለቴ ብትፈተንስ?" ያሉት አንዲት እናት ናቸው።

ትችላለች። ብዙ ኮሌጆች ከተለያየ ቀን የተሻለውን ሴክሽን እየመረጡ ይደምራሉ። ሱፐርስኮር ይባላል። በመጀመሪያው ቀን ንባቡ ጥሩ ከሆነ በሁለተኛው ሒሳቡ ላይ ማተኮር ነው። ግድግዳው የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። ግን የሚላክበትን ኮሌጅ ደንብ አንብቡ፣ ሁሉም አንድ አይደሉም። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ 11ኛና 12ኛ ላይ ሁለት ጊዜ በነፃ መፈተን ትችላለች። ካውንስለሩ ጋ ሂዱ፤ አትፈሩ።

አንዷ ልጅ ደግሞ "አሁን እኮ ብዙ ኮሌጅ አይጠይቅም" አለችኝ። ልክ ነሽ፣ የካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጭራሽ አያዩትም። ኤምአይቲ ግን በ2022 መልሶታል፣ ዳርትማውዝና ሃርቫርድ በ2024። የምትፈልጊያቸውን ኮሌጆች ስም ጻፊልኝና አብረን እናያለን።

የመጨረሻውን የጠየቀው ኋላ ቆሞ የነበረ ልጅ ነው። 15 ዓመት ቢሆነው ነው።

"በአሥሩ ደቂቃ እረፍት ምን ላድርግ?"

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። ሽንት ቤት ሂድ። ውሃ ጠጣ። ስልክህን አትንካ፣ ፈተናህን ሊሰርዙብህ ይችላሉ። አገር ቤት ፈተና ወጥተን ግቢው ዛፍ ሥር ተሰብስበን "ሰባተኛው ምን ነበር? ቢ ነው ሲ?" እንባባል ነበር። ቢ ያልነው ሲ ሆኖ ለከሰዓቱ ፈተና ልባችን ተሰብሮ እንገባለን። እዚህ ስለ ጥያቄ ማውራት ክልክልም ነው፤ ባይከለከልም አታውራ። ንባቡ አልቋል።

"መብላትስ?"

ይቻላል፣ በእረፍቱ ሰዓት።

"ዳቦ ቆሎ ይዤ ብሄድስ?"

ያዝ። ለኔም አስቀርልኝ።